ድሪቶ ለመስፋት መኪና ፍለጋ

«ድሪቶ ለመስፋት ገንዘብ ከፍለሽ ትማሪያለሽ?» አለችኝ እናቴ።

እሷ የምታውቀው ድሪቶ ሌላ መልበሻ ያጣ ሰው የሚለብሰውን ነው። ልጇ ደግሞ ደህናውን ጨርቅ ቆራርጣ መልሳ ለመግጠም ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ ኮምቦልቻ ትመላለሳለች። አስተማሪያችን «ኪልት» ትለዋለች። ላዩ ቁርጥራጭ፣ መሀሉ ጥጥ፣ ሥሩ ገበር ሆኖ ሦስቱ አንድ ላይ የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ጥቅሙን ማስረዳት አያስፈልግም። እናቴን ግን ማሳመን አልቻልኩም።

ዋናው ጣጣ መኪናው ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የስፌት መኪና ይዞ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ የእናቴን ሲንጀር ይዤ ሄድኩ። ጥቁሩን፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፉ የደበዘዘውን። ጠረጴዛውንና መርገጫውን ቤት ትቼ የላዩን አካል ብቻ ፈታሁት። አናጢ የእንጨት መቀመጫ ሠራለት፣ በእጅ ማዞሪያም ገጠምንለት። በማዳበሪያ ጠቅልዬ መናኸሪያ እስክደርስ ትከሻዬ አለቀ። የሚኒባሱ ረዳት ሊያነሳልኝ ሞከረና መልሶ አስቀመጠው። «እህቴ፣ ወፍጮ ነው እንዴ?» አለና የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። ከፈልኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በየጥምዝምዙ እየተንሸራተተ ቁርጭምጭሚቴን ሲለው ኮምቦልቻ የራቀች መሰለኝ።

አሰፋፉን ግን ልቡን ይባርከው። ሦስቱንም ድርብ ምንም ሳይመስለው ጥርቅም አድርጎ ሰፋልኝ። ብረት ብረት ነው። ብቻ በየሳምንቱ ልሸከመው አልችልም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ መዳፍ የምታክል የፕላስቲክ መኪና ከገበያ ገዛሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ገብታ ቀረች። ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ኮምቦልቻ ነበር። ጥጡ ላይ ስትደርስ አቃሰተችና ስፌት መዝለል ጀመረች። ሁለት ስስ ጨርቅ ሲሆን ትሰፋለች፤ ቀጥ ብላ ግን አትሄድም። በዚህ ሙያ ደግሞ ከጠርዙ እስከ ስፌቱ ያለው ስፋት ሩብ ኢንች፣ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ብትሳሳቺ ምንም አይመስልም። እኔ 20 ቁራጭ በተርታ ገጠምኩ። 19 ስፌት ማለት ነው። በየስፌቱ አንድ አንድ ሚሊ ከሁለቱም ጨርቅ ስትበላ ተርታዬ ከጎረቤቴ ተርታ በአራት ሳንቲ ሜትር ገደማ አጠረ። መኪናዋን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። የአሻንጉሊት ልብስ ይሰፋባታል።

ከዚያ በኋላ ነው ተረጋግቼ መጠየቅ የጀመርኩት። አስተማሪያችን ሲንጀር በ1933 እ.ኤ.አ. ስላወጣው 221 ስለሚባል ሞዴል ነገረችን። ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ 5 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ነው። ውጭ አገር ያሉ ኪልት ሰፊዎች እስከ ዛሬ ያፈላልጉታል አሉ። ደሴ ላይ እንደማላገኘው ገባኝ፤ ግን 5 ኪሎ የምትለው ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ብዙ የማይበልጥ፣ ግን አሻንጉሊት ያልሆነ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ መኪና አገኘሁ። ንጹህ ነው፤ ሲያነሱት ቀላል፣ ሲያዩት የሚያምር። ልከፍል እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ የአስተማሪያችን ምክር ትዝ አለኝ። መኪናውን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። 120 ቮልት ይላል። የኛ መብራት 220 ነው። በቀጥታ ብሰካው የመጀመሪያው ስፌት የመጨረሻው ይሆን ነበር።

«አብሽሪ እህቴ፣ ትራንስፎርመር አለ» አለኝ ባለሱቁ።

አመጣው። አነሳሁት። መልሼ አስቀመጥኩት። ትራንስፎርመሩ ከመኪናው ይከብዳል! ቤት ለሚቀመጥ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ክብደት ሽሽት ነው የመጣሁት። ኋላ ስጠይቅ እንዲህ ያለ የቤት መኪና 100 ዋት እንኳ ስለማይበላ ትንሹ ትራንስፎርመርም ይበቃው እንደነበር ሰማሁ። እሱ ያሳየኝ ግን የ1000 ዋቱን ነበር። ያም ሆኖ ሁለት ዕቃ ተሸክሞ መዞር አልፈለግኩም። አመስግኜ ወጣሁ።

መጨረሻ ላይ የገዛሁት ከዱባይ ከተመለሰች ልጅ ነው። ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው ቤቷ። ከ220 እስከ 240 ቮልት ይላል። ዋጋውን አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው ነገ ይስቁብኛል። አገዛዜን ግን ልንገራችሁ፤ የኮራሁበት እሱ ነው።

ከቤት ስወጣ ሦስት ድርብ ናሙና ይዤ ወጣሁ። ከላይ የሸሚዝ ጨርቅ፣ መሀል ጥጥ፣ ከሥር አቡጀዲ። ሻጮች ሲያሳዩ ሁሌም አንድ ነጠላ ጨርቅ ነው የሚሰፉት፤ በነጠላ ጨርቅ የማይሰፋ መኪና የለም። የኔን ሰጠኋት። መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት አሰፋኋት። ከዚያ ገልብጬ የሥሩን ክር አየሁ። ላዩ አምሮ ሥሩ የተንዠረገገ ስፌት ስንቱን ሸውዷል። የሷ ሁለቱም ወገን እኩል ነበር።

ቀጥዬ የሥሩ ክር የሚጠቀለልበትን ቦቢን አስወጣሁና «እንዳትቀየሚኝ፣ መጣሁ» ብያት እየሮጥኩ ክርና ቁልፍ የሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ። ተመሳሳዩ አለ። መለዋወጫው ከተማው ውስጥ የሌለ መኪና ስጦታ ቢሆንም አልቀበልም። ስመለስ ልጅቷ «ይዛብኝ ጠፋች ብዬ ነበር» ብላ ሳቀች።

ክብደቱን ደግሞ የሽንኩርት ሚዛን ላይ አየሁ። ከበሯ ፊት ለፊት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ነበሩ። «እትዬ፣ ይቺን ይመዝኑልኛል?» አልኳቸው። ሽንኩርታቸውን ዘርግፈው መኪናዬን ጫኗት። 5 ኪሎ ከ8 መቶ። «የሚዛን አላስከፍልሽም፤ ሽንኩርት ግን ግዢኝ» አሉኝ። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ገዛኋቸው።

እንከን የላትም አልልም። ክንዷ ሥር ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ብርድ ልብስ አይገባም። እንደ ሰሌን ጠቅልዬ ነው የማሳልፈው። ቅለቷም ራሱ ጣጣ አለው፤ በፍጥነት ስሰፋ ጠረጴዛው ላይ ትሄዳለች። አንድ ቀን ጨርቄን እየተከተልኩ ወንበሬን ሁለቴ አስጠግቻለሁ። አሁን ከሥሯ ስስ ስፖንጅ አነጥፋለሁ። ወፍራም ድርብ ላይ ደግሞ የላይኛው ጨርቅ እየሸሸ ይጨማደዳል። የታችኛውን የሚስበው ጥርስ አለ፤ የላዩን የሚስበው የለም። ላዩንም አብሮ የሚስብ እግር፣ ማለት ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ብረት፣ ለብቻው ይሸጣል፤ እስካሁን አላገኘሁም። እስካገኘው በመርፌ ቁልፍ ጥቅጥቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም መርፌ አንስተን በእጅ እንሰፋለን። ወሬው የሚደምቀውም ያኔ ነው።

መኪናዋን ቤት ያመጣኋት ዕለት መርፌ ሰበርኩ። ሌላ አልገዛሁም ነበር። እናቴ ዝም ብላ ተነሳችና የመርፌ ቆርቆሮዋን አመጣች። ውስጡ የሲንጀሩ መርፌዎች አሉ፤ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ የሆኑት። አንዱን ከሰበርኩት ጎን አስቀመጠችው። አንድ ዓይነት ናቸው። ራሷ አስገባችው፣ ቡሎኗን አጠበቀች፣ ክሩንም በመጀመሪያው ሙከራ አሳለፈችው። እኔ መነጽር አድርጌም ሦስቴ ነው የምሞክረው።

«ለድሪቶ መርፌዬን አስጨረሽኝ» ብላ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ረዳት አገኘኝ። ቦርሳዬን በአንድ እጁ ብድግ አደረገና «ወፍጮውን ሸጥሽው?» አለኝ። ተጨማሪ ሂሳብ አልጠየቀኝም። ሐረጎን ጨርሰን ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል ግን ጠጋ ብሎ የሱሪው ጫፍ ለስንት እንደሚታጠፍለት ጠየቀኝ።