ክራሩ አይደለም የሳተው

ስቱዲዮ ውስጥ የሆነ ነገር አልገጥም ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የባህል መሣሪያ ነው። ኪቦርድ አይጠረጠርም። ኮምፒውተርም አይጠረጠርም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ ልክ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ክራርና ማሲንቆ ግን ሁሌም ተከሳሽ ናቸው። ይሄ ነገር ከድሮም ያናድደኛል። ባለፈው ክረምት ጅማ ውስጥ በምሠራበት ስቱዲዮ የገጠመንን ካየሁ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ።

የምንቀርጸው ከፈረንጅ አራዳ ብዙም በማይርቅ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። አንዱን ክፍል ለቀረጻ ለይተነዋል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅለናል፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍ አለ። ክራር ለሚመታ ሰው ደግሞ ክንዱን የሚይዝ ወንበር ስለማይመች የጅማ በርጩማ አስቀምጠናል። የሠርግ ዘፈን እንቀርጻለን፣ የሱቅ ማስታወቂያ እንቀርጻለን፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። በዚያ ሰሞን የቤቱ ባለቤት አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ የድምፅ ኢፌክት ፔዳል ይዞ መጣ።

ፔዳሉን አይታችሁ ለማታውቁ፣ እግር ስር የሚቀመጥ ሳጥን ነው። ማይኩ በአንድ በኩል ይገባበታል፣ በሌላ በኩል ድምፆችን ወደሚያቀላቅለው ሚክሰር ወይም ድምፁን ኮምፒውተር ውስጥ ወደሚያስገባው ሳውንድ ካርድ ይወጣል። ሥራውን የሚሠራው መሀል ላይ ነው። በተለምዶ ኤኮ የምንለውን ሪቨርብ ይጨምራል። ድምፁን ትንሽ አዘግይቶ የሚደግም ዲሌይ አለው፣ ጎላ ያለውን ጫን የሚያደርግ ኮምፕሬሰር አለው። አንድ ሰው እየዘፈነ ሁለት ሦስት ሰው ያስመስላል፤ ሃርመኒ የሚባለው ማለት ነው። ከቃና የወጣ ድምፅንም ጎትቶ ይመልሳል፤ ማረሚያ የምንለው ይሄን ነው። ቦስም፣ ዙምም፣ ቲሲ ሄሊኮንም ይሠሩታል፤ አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። ቤቱ ውስጥ ለብቻው ለሚቀርጽ ሰው ይሄ ሁሉ በአንድ ሳጥን መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። በተለይ ሪቨርቡ። ዘፋኝ ደረቅ ድምፁን በሄድፎን ሲሰማ ይሸማቀቃል፣ ጉሮሮውን ይይዛል። ትንሽ ሪቨርብ ሲጨመርለት ትከሻው ይረግባል፣ ድምፁም ይከፈታል። ስለዚህ ፔዳሉ ሲመጣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

የዚያን ቀን የምንቀርጸው በትዝታ ቅኝት የተሠራ አዲስ ዘፈን ነው። ዘፋኟ ወጣት ናት፣ የሠርግ ሥራ የለመደች። ክራሩን የሚመቱት ደግሞ እድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። መሣሪያ ከመሰካቱ በፊት ሁለቱ ቁጭ ብለው ተስማሙ። እሷ ዝግ ብላ አንጎራጎረች፤ እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ክራሩ ደፋ አድርገው ክሮቹን አንድ በአንድ በእሷ ድምፅ ቃኙ። አብረው ሲጀምሩ ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ዝም አልን። ያምር ነበር።

ከዚያ ፔዳሉ በራ፣ ሄድፎን ተደረገ፣ ቀረጻ ተጀመረ። ነገሩ ተበላሸ።

ክራሩና ድምፁ አልገጥም አሉ። ብዙም አልተራራቁም፤ ግን ያቅለሸልሻል። ዘፋኟ ረዘም አድርጋ ስትይዝ ክራሩና ድምፁ መሀል የሚርገበገብ ነገር ይሰማል። እሷም ግራ ገብቷት ደጋግማ አቋረጠች።

«ጋሼ፣ ክራሩ ትንሽ ወርዶ ይሆን እንዴ?» አለ ባለቤቱ፣ በትሕትና።

«አልወረደም ልጄ» አሉ። ያም ሆኖ ቃኙት። እንደገና ተጀመረ፤ ያው ነው። እንደገና ቃኙ። ያው።

ባለቤቱ የዝናቡን ነገር አነሳ። «ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ነው» አለ። ይሄ ሐሰት አይደለም። የክራር ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ድምፁም ይደነቁራል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት አያጣውም። ስለዚህ ሁላችንም አመንን። ክራሩን ሙቀት እንዲያገኝ ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ አቆየነው። ተመልሶ መጣ፤ ምንም ለውጥ የለም። አንዱ የሥራ ባልደረባችን ታዲያ ያልሰሙት መስሎት «ጆሯቸው ደክሟል» አለ። ሰምተዋል።

ጋሼ አልተቆጡም። ክራሩን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሄድፎኑን አወለቁ። «እኔ የቃኘሁት በልጅቷ ድምፅ ነው» አሉ። «ቅድም እዚህ ቁጭ ብላ ያንጎራጎረችውና አሁን በዚህ ጆሮዬ ላይ ባደረጋችሁልኝ ነገር የምትዘፍነው አንድ ሰው አይደለችም።»

ይሄን ሲሉ ነው ዓይኔ ወደ ፔዳሉ የሄደው። ባለቤቱን አስፈቅጄ አጠፋሁት፤ ማይኩ እንዳለ በባዶው እንዲያልፍ። «እስቲ አንድ ጊዜ» አልኳቸው። ዘፈኑ ቅድም እንደነበረው ሆነ። ገጠመ። መልሼ አበራሁት፤ ተለያዩ። ባለቤቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ በእጁ አበራና አጠፋ። ሦስተኛ ሰው ማስረዳት አላስፈለገውም።

ምክንያቱን ለማወቅ ስልኬ ላይ ያለውን ቱነር፣ የድምፅ ከፍታ የሚለካውን መተግበሪያ፣ ከፍቼ ክራሩ አጠገብ ያዝኩት። ኪቦርድ ላይ «ላ» የምንለው ድምፅ 440 ኸርዝ ነው፤ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ይሄ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀመጠ ቁጥር ነው፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይሶ በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደረጃ አድርጎ አጽንቶታል። ኪቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ በዚህ ተቃኝቶ ነው። የጋሼ ክራር «ላ» ግን 430 አካባቢ ነበር። ይሄ ጥፋት አይደለም። ኪቦርድ በሌለበት ክራር ለ440 ምን ዕዳ አለበት? የተቃኘው ለዘፋኟ ጉሮሮ እንዲመች ነው። ክሮቹ እርስ በርሳቸው ልክ እስከሆኑ ድረስ ቅኝቱ ሙሉ ነው።

ፔዳሉ ግን ይሄን አያውቅም። ማረሚያው ባለቤቱ በመረጠው ፕሪሴት፣ ማለትም ቀድሞ በተዘጋጀ አሞላል፣ ላይ እስከ ጥግ ተከፍቶ ነበር። እሱ የሚያውቀው በ440 የተሰለፉትን 12 ድምፆች ብቻ ነው። ልጅቷ ክራሩን ሰምታ 430 ላይ ትዘፍናለች፤ ፔዳሉ «ከቃና ወጥታለች» ብሎ ወደ 440 ይጎትታታል። 430 እና 440 አብረው ሲሰሙ በሴኮንድ 10 ጊዜ ይርገበገባሉ። ያ ያቅለሸለሸን ነገር ይሄው ነው። ሌላም ነበረ። ከ«ላ» ቀጥሎ ወደ ታች ያለው ድምፅ 415 ኸርዝ ገደማ ነው። የሁለቱ ድንበር 427 ላይ ይወድቃል። ልጅቷ ድምፅዋን እየሰበረች ትንሽ ዝቅ ስትል ድንበሩን ታልፋለች፤ ያኔ ፔዳሉ ወደ ታችኛው ይወረውራታል። ተመልሳ ከፍ ስትል ወደ ላይ ይመነጭቃታል። የትዝታ ውበቱ ያ መሰበሩ፣ ያ መንሸራተቱ ነው። እሱን ደረጃ በደረጃ ቆራረጠው።

በነገራችን ላይ ይሄን ዓይነት ማረሚያ ታዋቂ ያደረገው አውቶቲዩን በ1997 የወጣ ነው። ሠሪው አንዲ ሂልደብራንድ ለነዳጅ ፍለጋ ከመሬት ሥር የሚመለስ ሞገድ ሲመረምር የኖረ መሐንዲስ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ልኩ የተወሰደው ከፒያኖ ነው።

ማረሚያውን ካጠፋን በኋላም ነገሩ አላለቀም። ባለቤቱ ሃርመኒውን ይወደዋል፤ አዝማቹ ላይ እንዲገባ ፈለገ። ጋሼ ሁለተኛውን ድምፅ እንደሰሙ ክራሩን አቆሙ። «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች? ትዝታ አታውቅም» አሉ።

ልክ ናቸው። ሙሉ ትዝታን ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ድምፅ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ፔዳሉ ደግሞ ሜጀር በሚባለው የምዕራባውያን ስኬል ተሞልቷል፤ ሰባት ድምፅ ይቆጥራል። ከላይ በሦስተኛው ድምፅ ተከተላት ሲባል፣ እሷ ሬ ስትል እሱ ፋ ይላል። ሶል ስትል ሲ ይላል። ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ናቸው። በአንቺ ሆዬ ቢሆን የባሰ ነው። ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል እና ላ ብሎ የሚሄድ ቅኝት በየትኛውም ተራ ሜጀር ውስጥ አይገኝም፤ ፔዳሉ ላይ የቱንም ቁልፍ ብትመርጡ አንዱ ድምፅ ባዕድ ይሆናል። የማያጣላው በኦክታቭ መደረብ ብቻ ነው። ያው ራሱ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ ከቅኝቱ አይወጣም። የተሻለው ግን ልጅቷ ራሷ ሁለተኛውን ድምፅ ለብቻው መዝፈኗ ነው፤ እንደዚያም አደረግን።

እስካሁን ያልኩት ጆሮን የሚመለከት ነው። የሥራውን ቀን የበላብን ግን ሌላው ጉዳይ ነው። ማይኩ በፔዳሉ አልፎ ስለነበር ወደ ኮምፒውተሩ የገባው ድምፅ ከነኢፌክቱ ነው። ጠዋት ከተቀረጹት መሀል ልጅቷ ከልቧ የዘፈነችው አንድ ነበር፤ ስሜቱ ዳግመኛ አይገኝም። ማረሚያው ግን ድምፁ ውስጥ ገብቶበታል። ከወጥ ውስጥ ጨውን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ሪቨርብም ያው ነው፣ ኮምፕሬሰርም ያው። ደረቁን ይዞ በኋላ መጨመር ይቻላል፤ የረጠበውን ማድረቅ አይቻልም። ያን ቅጂ ጣልነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን አሰካካችን ተቀይሯል። ከማይኩ የሚወጣውን ለሁለት የሚከፍል፣ ዋይ የሚባለውን ኬብል አሠራን። አንዱ ጫፍ በቀጥታ ሳውንድ ካርዱ ውስጥ ይገባል፤ የሚቀረጸው ይሄ ደረቁ ነው። ሌላው ጫፍ ወደ ፔዳሉ ይሄዳል፣ ከፔዳሉ ወደ ትንሿ ሚክሰር፣ ከሚክሰሯ ወደ ዘፋኟ ሄድፎን። እሷ ሪቨርቧን ትሰማለች፣ ኮምፒውተሩ ባዶ ድምፅዋን ይይዛል። ማይካችን ከውጭ ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ዳይናሚክ ስለሆነ ያለ ችግር ይሠራል። 48 ቮልት ለሚፈልግ ኮንደንሰር ማይክ ግን ተራ ዋይ ኬብል አይመከርም፤ ለሱ ትራንስፎርመር ያለው ማከፋፈያ ይሻላል። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ፔዳል ያላችሁ ደግሞ መመሪያውን አንብቡ፤ አንዳንዶቹ ደረቁንና የረጠበውን ለየብቻ ይልካሉ።

ኮምፕሬሰሩንም ቀረጻ ላይ ትተነዋል። ምክንያቱ ቆርቆሯችን ነው። ኮምፕሬሰር ጎላ ያለውን ጫን አድርጎ ቀጥሎ ሁሉንም ከፍ ሲያደርግ፣ ዘፋኟ ትንፋሽ በምትወስድበት ክፍተት የጣራው ዝናብ አብሮ ይነሳል። ጋቢው ማስተጋባቱን እንጂ ዝናቡን አያቆምም። ዝናብ ሲመጣ ቀረጻ ቆሞ ቡና ይጠጣል፤ ሌላ መላ የለውም።

የጋሼን ነገር ባለቤቱ ራሱ አስተካክሏል። ማታ ላይ ሁላችንም ባለንበት «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ጥፋቱ የመሣሪያው አሞላል ነበር» አላቸው። የዋሉበትም ክፍያ ሙሉ ተከፈላቸው፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ማለት ነው። ጆሯቸው ደክሟል ያለው ልጅም እጃቸውን ይዞ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸው «ድምፅዋን ለሷ ተዉላት ነው ያልኳችሁ» ብለው አለፉት። በማግስቱ ተመልሰው መጡና ዘፈኑ ተቀረጸ።

ፔዳሉ አልተበላሸም፣ አልተሸጠምም። ዘፋኟ ለሠርግ ሥራ ትዋሰዋለች፤ እዚያ የምትዘፍነው በኪቦርድ ስለሆነ ኪቦርዱም ፔዳሉም በ440 ይስማማሉ። ማረሚያውን በስሱ ታደርገዋለች፣ ሪቨርቡን ዳስ ውስጥ ቃሉ እንዳይዋጥ ትቀንሰዋለች። ከክራር ጋር ስትሠራ ግን መጀመሪያ ማረሚያውንና ሃርመኒውን ታጠፋለች፤ ከዚያ ነው «ጋሼ፣ ይቃኙ» የምትለው።