35 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8፣ ቱሉ ዲምቱ

ብዙ ሰው ሰፊ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ያለው ሌንስ የሚገዛው ከጀርባ ያለውን ነገር ብዥ ለማድረግ ነው። እኔ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሴን የገዛሁት በሌላ ምክንያት ነው። (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።) ፎቶ የማነሳቸው ሰዎች ቤት ጨለማ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት አካባቢ። ከሕንፃዎቹ ራቅ ሲባል የጤፍ ማሳ ይመጣል። በማሳው ዳር የጭቃ ቤቶች አሉ። አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ። እዚያ ቡና ሲፈላ ከማየት የሚበልጥብኝ ነገር የለም። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ዙም ሌንስ ግን እዚያ ቤት ውስጥ አቅም ያጥረዋል። ፍላሽ ሲበራ ደግሞ የምወደው ነገር ሁሉ ይሄዳል። ጭሱ ይጠፋል። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ይጠፋል። ሰዎቹም ፊታቸውን ያኮሳትራሉ።

ካሜራዬ ኒኮን ዲ5300 ነው። ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ፉል ፍሬም ከሚባለው ከትልቁ ያነሰ፣ ክሮፕ የምንለው ዓይነት ነው። የሌንስ ሚሊ ሜትር ሲበዛ የሚታየው ቦታ ይጠባል፤ ክሮፕ ደግሞ በ1.5 እጥፍ ያጠበዋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው “ስታንዳርድ” የሚለው 50 ሚሊ ሜትር በእኔ ካሜራ ላይ የ75 ያህል ይጠባል። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶም ረከቦቱና ቡና የምታፈላዋ ሴት አብረው አይገቡልኝም። 35 ሚሊ ሜትሩ በ1.5 ሲባዛ ወደ 52 ይጠጋል። ለእኔ ካሜራ ትክክለኛው ስታንዳርድ እሱ ነው። የመረጥኩትም ኒኮን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ዲኤክስ (ለክሮፕ ካሜራ የተሠራ) 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። ክብደቱ 200 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ያገለገለ ሌንስ ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገበያ ላይ ርካሽ የሆነ የድሮ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲ ይገኛል። ሌንሱ ጥሩ ነው፤ ግን በውስጡ ሞተር የለውም። እንደ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ባሉ ካሜራዎች ላይ አውቶ ፎከስ (ካሜራው በራሱ ማጥራቱ) አይሠራም። ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል። በራሳችሁ ካሜራ ላይ ገጥማችሁ ሞክሩ። ከዚያ የስልካችሁን መብራት በአንድ ጫፍ አብሩና በሌላው ጫፍ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ተዉት።

ወደ ሙከራው ልግባ። ዙሙ 35 ላይ ሲቆም የሚከፈተው እስከ ኤፍ 4.5 ገደማ ነው። አዲሱ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ይህ ማለት ስድስት እጥፍ ብርሃን ነው። በዚያ ቤት ውስጥ፣ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 3200 ላይ፣ በድሮው ሌንስ የማገኘው የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/20 ሰከንድ ነበር። ቡና የምትቀዳ እጅ በ1/20 መንቀሳቀሷ ፎቶው ላይ ይታያል። በአዲሱ 1/125 አገኘሁ። ከጀበናው የሚወርደው ቡና ክር ሆኖ ታየ። ጭሱም፣ የበሩ ብርሃንም በቦታቸው አሉ።

የቤቱ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። ካሜራዬን አይተው፣ “ዛሬ ያ የሚያብለጨልጨው ነገር የለም እንዴ ልጄ?” አሉኝ።

“የለም እማማ፣ ከእንግዲህ አያስፈልግም።”

“እሰይ! ዓይኔን ሊያጠፋው ነበር እኮ።”

ከዚያ በኋላ ካሜራው መኖሩንም የረሱት መሰለኝ። ልጃቸውን እየተቆጡ፣ ለጎረቤት እየሳቁ ቡናቸውን አፈሉ። እነዚያ ፎቶዎች ካነሳኋቸው ሁሉ የምወዳቸው ናቸው።

ኤፍ 1.8 ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከተደረደሩት ሲኒዎች አንዱ ይጠራል፤ የቀሩት ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ካሜራው ፎከሱን በራሱ እንዲመርጥ አልተውለትም። አንዲት ነጥብ መርጬ ለእኔ ቀረብ ባለው ዓይን ላይ አሳርፋታለሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 አጠባለሁ። ሌንሱ እዚያ ላይ ይበልጥ ጥርት ይላል። በተለይ የነጠላ ጠርዝ ከበሩ ብርሃን ጋር ሲገናኝ በኤፍ 1.8 ወይን ጠጅ መስመር ያወጣል፤ በ2.8 በጣም ይቀንሳል።

የነጠላ ነገር ከተነሳ፦ ካሜራው ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። የሚጎዳው ፊት ነው። እኔ ስፖት ሜትሪንግ (ብርሃንን ከአንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ መለካት) አድርጌ ፊት ላይ እለካለሁ። የእኛ የቆዳ ቀለም ደግሞ ካሜራው ከሚጠብቀው ጠቆር ስለሚል ከመጠን በላይ ያነጣዋል፤ ከዚያ ላይ ትንሽ እቀንሳለሁ። ይህን በየትኛውም ሌንስ ብታደርጉት ይጠቅማችኋል።

በጥር ውቂያ ሲሆን ሌንሱን ይዤ ወደ አውድማ ወጣሁ። እዚያ ሌላ ጠባዩን አየሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ አይ ኤስ ኦ 100 ላይ፣ በኤፍ 1.8 ለማንሳት 1/8000 ሰከንድ ያስፈልጋል። ዲ5300 የሚያልቀው 1/4000 ላይ ነው። ፎቶው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። እኩለ ቀን ላይ ወደ ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ በላይ ወዳለ ቁጥር መዝጋት ግድ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን ሌንሱ ነፍስ ይዘራል። ገበሬዎቹ በመንሽ ሲያዘሩ ፀሐይዋን ከፊት ለፊቴ አድርጌ ቆምኩ። እያንዳንዱ የገለባ ብናኝ ወርቅ ሆኖ ይበራል። እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የኤፍ 1.8 ጥቅም እንደገና ታወቀኝ፤ ሌላው ሌንስ ከረጢት በገባበት ሰዓት እኔ ማንሳቴን ቀጠልኩ።

ዙም አለመኖሩ ከባድ የሚሆነው አውድማ ላይ ነው። በሬዎቹ ይዞራሉ፤ አንተም መዞር አለብህ። ቀርቦ ለማንሳት ባለቤቱን ሰላም ማለት፣ ማስፈቀድ፣ ካስፈለገም ማገዝ ይመጣል። ይህን እኔ እንደ ችግር አላየውም። ከሩቅ በዙም ስቦ ከማንሳት ይሻላል። እዚያ ሌንስ መቀየር ግን ፈጽሞ አይሞከርም። የጤፍ ገለባ አቧራ ሴንሰር ላይ ካረፈ ፎቶው ሁሉ ነጠብጣብ ነው። ቤት ገጥማችሁ ውጡ፣ ቤት ገብታችሁ ፍቱ።

አሁን የምፈልገው ለሌንሱ አፍ የሚሆን 52 ሚሊ ሜትር ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ነው፤ ብርሃኑን በስምንት እጥፍ የሚቀንሰው ይበቃኛል። እሱ ካለ በቀትርም በኤፍ 1.8 በ1/1000 ማንሳት እችላለሁ። ያገለገለ ያላችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።