ክፍሉ በሙሉ ሴት የሆነ ለት

ደብረ ማርቆስ ፍሬሽ እያለን ነው። የእንግሊዝኛ ቲቸራችን ማስተርሱን እየተማረ ስለነበር ለመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ ይዞ ገባ። ርዕሱ የኮሌጅ ተማሪዎች ለእንግሊዝኛ ኮርስ ያላቸው አመለካከት ነው። መጠይቁም በእንግሊዝኛ ነው።

"ስም አይጻፍም፣ ኤግዛም አይደለም፣ የሚሰማችሁን ብቻ ሙሉ" አለ። ይህንንም በእንግሊዝኛ ስለተናገረው ግማሹ ክፍል የሰማው "ኤግዛም" የምትለዋን ብቻ ነው።

ወዲያው ሁሉም ተፈታኝ ሆነ። ስልክ ተደበቀ። ከኋላዬ ያለው ልጅ ወንበሩን ወደኔ ሲጎትት ሰማሁት። መቼም እኔ ቸካይ የሚል ስም ወጥቶልኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከፊት ስለምቀመጥ ይመስለኛል።

ደግሞ አይፈረድባቸውም። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ የሚጀመረው ከ1ኛ ክፍል ነበር። ኮሌጅ እስክንገባ 12 ዓመት ተምረነዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የእንግሊዝኛ ወረቀት ታድሎን ማርክ ያልተያዘበት ቀን የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ።

"አንቺ፣ 7 ምንድን ነው?"

"የሚሰማህን ነው የሚጠይቀው።"

"እሱማ ገብቶኛል። አንቺን ምን ተሰማሽ?"

"ኧረ የራስህን ሙላ!"

"በማርያም! ኤፍ ሳመጣ ዝም ብለሽ ልታዪኝ ነው?"

ብቻ ወረቀቴ ከእጄ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ዞሮ ሲመለስ ጥግ ጥጉ ተጣጥፏል።

አንድ ልጅ ብቻ አልኮረጀም። ዋሸራ ቅኔ ቆጥሮ የመጣ ነው፤ "የኔታ" እንለዋለን። የግእዝ ግስ በቃሉ የሚያወርድ ሰው ስለሆነ የእንግሊዝኛውንም "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን" እያለ ማታ ማታ ላይብረሪው ጀርባ በዜማ ሲያጠና እንሰማዋለን። እሱ መዝገበ ቃላቱን ዘርግቶ አንድ በአንድ ሲፈታ ሰዓቱ አለቀበት።

በሌላው ሳምንት ቲቸር ወረቀቶቹን ታቅፎ ገባ።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ወንድ የሆነ እጁን ያውጣ።"

ከግማሽ በላዩ አወጣ።

"በሞላችሁት መሠረት እዚህ ክፍል ያለው ወንድ አንድ ነው።"

ሁላችንም ዞረን የኔታን አየነው።

ለካ ከላይ ያለውንም ገልብጠውታል! ጾታ ሴት፣ ዕድሜ 19፣ 12ኛ ክፍል የተማርኩት ቢቸና። ከሞጣ የመጣው፣ ከደጀን የመጣው፣ ያ ጢማሙ የስፖርት ሳይንስ ልጅ ሳይቀር የቢቸና ልጃገረድ ሆኗል። 14ኛው ጥያቄ ላይ ደግሞ እስክርቢቶዬ ቀለም ተፍቶብኝ ነበር። እሱንም አልማሩትም። አንዱማ ነጠብጣቧን ክብ አድርጎ፣ ውስጧን አጥቁሮ፣ ከእኔ አሳምሮ ስሏታል።

ቲቸር ንዴቱን በሌክቸር ተወጣው። በየጥያቄው ፊት ያሉት፣ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም" የሚሉት አምስቱ ሳጥኖች ላይከርት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው መለኪያ ናቸው፤ ትክክልና ስህተት የላቸውም አለ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ጋርድነርና ላምበርት የተባሉ ምሁራን ቋንቋ ተማሪው ላይ ሁለት ዓይነት ፍላጎት ለይተዋል አለን፤ አንዱ ለሥራና ለጥቅም፣ ሌላው ከባለቋንቋዎቹ ጋር ለመቀራረብ። እኔ በሆዴ፣ ሰዎቹ ማርቆስ ብቅ ቢሉ ሦስተኛ ያገኙ ነበር አልኩ፤ ላለመባረር።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። "መልሱን ያሠራጨሽው አንቺ ነሽ?"

መልስ የሌለው ወረቀት መልስ አሠራጭተሻል ተብዬ ተከሰስኩ። ምን ይባላል? ዝም አልኩ። ይሄኔ የኋላዬ ልጅ ብድግ ብሎ ተሟገተልኝ።

"ቲቸር፣ እሷ ምንም ጥፋት የለባትም። መልሱ ስህተት መሆኑን አላወቀችም!"

በኋላ መጠይቁ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ መጣ። ተራርቀን ተቀመጥን። የሞላነውን እንኳ እዚህ አልጽፈውም፤ ቲቸር እስካሁን ማርቆስ ነው። ልንጨርስ ስንል ያው ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ይሄ ከስንት ነው የሚያዘው?"

ቲቸር ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ሴሚስተሩ አልቆ ግሬድ ሲለጠፍ ልጁ እንግሊዝኛ ሲ መጣለት። በማግስቱ "የመጠይቁ ማርክ አልተደመረልኝም" ብሎ ዲፓርትመንት ቅሬታ አስገባ። ምስክር ብሎ የጻፈው እኔን ነው።