በተዘጋ በር የሚሠራ ሪሞት

ዲኮደሩንና አምፕሊፋየሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ካስገባኋቸው ወዲህ፣ ድምፅ ለመቀነስ እንኳ በሩን መክፈት ግድ ሆኖ ነበር። የሪሞት ብርሃን እንጨት አያልፍም። ዛሬ ምልክቱን ከውጭ ተቀብላ ወደ ውስጥ የምታስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ሠራሁ፤ ደስታዬ ወሰን የለውም!

ሪሞት የሚልከው ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። አብዛኞቹ ሪሞቶች ብርሃኑን በሰከንድ 38,000 ጊዜ ገደማ ያበሩታል፣ ያጠፉታል። ተቀባዩ ምልክቱን ከፀሐይና ከአምፖል ብርሃን የሚለየው በዚህ ነው። የሥራው ቁልፍም እዚሁ ላይ ነው፦ ባለሦስት እግሯ መቀበያ ያንን ፈጣን ብልጭታ አጣርታ ታስቀርና ኮዱን (የተጫነው ቁልፍ መልእክት) ብቻ ታወጣለች። ኮዱን እንዳለ ለኤልኢዲ (ኢንፍራሬድ ለምታበራው ትንሽ መብራት) ብንሰጠው ዲኮደሩ በደንብ አይለየውም። ስለዚህ በ555 ታይመር (ተደጋጋሚ ምት በምታመነጭ ትንሽ ቺፕ) 38 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 38,000 ምት፣ እንደገና አመንጭቼ፣ ኮዱ እንዲያበራውና እንዲያጠፋው አደረግሁ፤ ከዚያ ጅረቱን በሚያጎለብት ትራንዚስተር በኩል ወደ ኤልኢዲዋ። (መሞከር ለምትፈልጉ፦ ምልክት ሲመጣ የመቀበያዋ ቮልቴጅ ይወርዳል እንጂ አይጨምርም። ሰርኪዩቱን ስትነድፉ ይህን አትርሱ።)

ኤልኢዲዋ መብራቷን ያረጋገጥኩት በስልክ ካሜራ ነው፤ ብዙ ካሜራዎች ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ብርሃን አድርገው ያሳያሉ። አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ፤ ኤልኢዲዋና መቀበያዋ መተያየት የለባቸውም፣ አለበለዚያ መሣሪያዋ የራሷን ምልክት መልሳ መላልሳ ትቀበላለች። የእኔን በሩ ራሱ ይጋርዳቸዋል።

ዲኮደሩ አሁን ሁሉንም ቁልፍ ይታዘዛል። ነገ ለአምፕሊፋየሩ ሁለተኛ ኤልኢዲ እጨምራለሁ።