የኮሌጃችንን የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ ስጽፍ ከእጄ የወጣው መዝገብ

ሐዋሳ የሚገኘው ትንሹ ኮሌጃችን ቤተ ክርስቲያን የወለደችው ነው። ከአብዮቱ በፊት በሁለት ክፍል ተጀምሮ ለወንጌላውያን ጽሕፈትና የእጅ ሙያ ያስተምር ነበር። የእነዚያን ዓመታት ታሪክ እንድጽፍ ቦርዱ ሲመርጠኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ መጽሐፉም ታትሞ ስለ ወጣ ዛሬም እኮራበታለሁ። ይሁን እንጂ ሥራውን ስጀምር አንድ ሰው ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ የነበረ ጉዳይ አለ፤ የነገረኝ ስላልነበረ ሌላው እንዳይደርስበት እኔ እነግረዋለሁ።

የአረጋውያንን ቃል መቅዳቱና ፎቶግራፍ ማሰባሰቡ ትዕግሥት እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ዘመን ሲቆጠር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛ ቃለ ጉባኤዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የኖርዌይ ሚሲዮናውያን ደብዳቤዎች ደግሞ በፈረንጆቹ ስለ ተጻፉ፣ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን ማስታወስ፣ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም አብሮ መለወጥ ይገባል። አሮጌ ዶሴ ውስጥ ከተማችን «አዋሳ» እንጂ «ሐዋሳ» ተብላ እንደማትገኝ፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም ቀድሞ ይርጋለም እንደ ነበረ ያላወቀ ሰው ግማሹን ወረቀት ሳያይ ይቀራል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልግባ። የኮሌጁ የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው ጥቁር ሽፋን ባለው፣ ጀርባው በቀይ ጨርቅ በተለበጠ ትልቅ ደብተር ላይ ነበር። በፊተኛው ገጽ ዘጠኝ መሥራቾች ስማቸውን አስፍረዋል፤ ሰባቱ በፊርማ፣ ሁለቱ በጣት አሻራ። ቀጥሎ ባለው ገጽ ምእመናን ለመማሪያ ክፍሉ ሥራ ያዋጡት ተዘርዝሯል፦ ቡና 2 ፈረሱላ፣ ቀርከሃ 40፣ አንዲት እናት ያመጡት ቅቤ አንድ ቅል። ኮሌጁን የሠሩት ሚሲዮናውያን ብቻ እንደ ሆኑ ሲወራ ለኖረው ሁሉ ከዚህ ገጽ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

መዝገቡ ደርግን ተሻግሯል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ከተወሰዱ በኋላ ፍርሃቱ ሲበረታ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የነበሩት ሰው መዝገቡን ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ባለቤታቸውም በጀንፈል ጆንያ ውስጥ ደብቀው እስከ 1983 ዓ.ም. አቆዩት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው በገዛ እጄ አሳልፌ የሰጠሁት።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የኮሌጁን የዕውቅና ጉዳይ ይዤ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ የክልል መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተመሠረተበትን ዘመን የሚያሳይ ማስረጃ ተጠየቅሁና የመዝገቡን ፎቶ ኮፒ አቀረብኩ። ኃላፊው ሳያገላብጡት «ኮፒ አንቀበልም፤ ዋናውን አምጡ» አሉኝ። ዋናው አንድ ብቻ እንደ ሆነ ባስረዳም «በሳምንቱ ይመለስልዎታል» ከማለት አልፈው ሊሰሙኝ አልፈለጉም። በማግሥቱ አመጣሁት። መዝገብ ቤት የተቀበለኝ ሠራተኛ በገቢ ደብተሩ ላይ የጻፈው «አባሪ 1» ብቻ ነው፤ ስንት ገጽ እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ሆነ አልተጻፈም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ፈርሜ ወጣሁ።

በሳምንቱ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሁለተኛውም ሳምንት እንዲሁ። በመጋቢት ኮሮና ገባና ቢሮው ጭር አለ። በሰኔ ሲዳማ ክልል ሆኖ ተቋቋመ፤ የእኛም ጉዳይ ወደ አዲሱ ክልል ሲዛወር ዶሴው ተላለፈ፣ አባሪው ግን አልነበረበትም። «በነባሩ ክልል ዘንድ ይሆናል» ተባልኩ፤ የደቡብ ክልልን ማለታቸው ነው። ነባሩ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ፈርሶ ንብረቱና ወረቀቱ ወደ አዲሶቹ ክልሎች ከተሞች ተጓዘ። ወላይታ ሶዶ ሁለት ጊዜ፣ ሆሳዕና አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሶዶ ላይ በአንድ ኮሪደር በካርቶንና በማዳበሪያ ከረጢት የተቆለለ ዶሴ አሳዩኝና ከቻልኩ እንድፈልግ ፈቀዱልኝ። ሁለት ቀን አቧራ ስቅም ውዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ዋናውን ካላመጣህ ያለኝ መሥሪያ ቤት ስለ ጠፋው ዋና የሚጠየቅ አንድ ሰው እንኳ የሌለው መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሁሉ ይልቅ የምቆጨው ግን በራሴ ነው። መዝገቡን ገጽ በገጽ በስልኬ ለማንሳት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃኝ ነበር። ያነሳሁት 11 ገጽ ብቻ ነው። እሱንም ለባልደረባዬ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ልኬ ስልኬ ሲሞላብኝ ዋናዎቹን ምስሎች አጠፋኋቸው። ቴሌግራም እንደ ፋይል ካልተላከ ምስሉን ያሳንሰዋልና የቀረልኝ ደብዛዛ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሰጠሁት ኮፒም ከመዝገቡ ጋር ሄዷል።

ስለዚህ መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ እኔ የምለው ይህ ነው። ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ትታችሁ አትመለሱ። ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም ዓይናችሁ እያየ ይደረግበት፤ ዋናውን በዚያው ቀን ይዛችሁ ውጡ። እምቢ ካሉ ዕውቅናው ይዘግይ። የግድ ካስቀራችሁ ገጹ ተቆጥሮ በርክክብ ይፈረም። ጥሩ ስካነር እስኪገዛ መጠበቅ ይሻላል የሚሉኝም አሉ፤ አልስማማም። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን የተነሳ የስልክ ፎቶ ይበቃል፤ ሽፋኑና ባዶው ገጽ ሳይቀር ይነሳ፤ አንዱ ቅጂ ከሐዋሳ ውጭ ይቀመጥ።

መጥፋቱን መዝገቡን ላቆዩት እናት የመንገር ዕዳ ነበረብኝ። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር፤ ሲሰሙ ረከቦቱን ገፋ አድርገው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው «ልጄ፣ እስቲ ጻፍ» አሉኝና ባለቤታቸው ማታ ማታ እየጠሩ ያስጠኗቸውን የመሥራቾቹን ስም አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሰባቱን አስታወሱ። በመጽሐፉ ውስጥ የታተሙትም እነዚያ ሰባቱ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ በጣት አሻራ የፈረሙት ሲሆኑ፣ በደብዛዛው ፎቶ ላይ ሁለት ሰማያዊ ነጠብጣቦች ሆነው ይታያሉ፤ አጠገባቸው ያለው ጽሑፍ ግን አይነበብም።