አሰብ ላይ በስድስት ደቂቃ ይሞላል

ከአንድ የመርካቶ ነጋዴ ጋር ያለኝ ሒሳብ እስካሁን አልተዘጋም። ባለዕዳው እኔ ነኝ፤ ሁለት ሺህ ብርና አንድ ይቅርታ። ሁለቱንም አልከፈልኩም።

2009 ዓ.ም. ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አዲስ አበባ በተከራየሁት ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የብረት በር፣ አልጋና ቁም ሳጥን ቀለም እቀባለሁ። መኪና ስለሌለኝ ማቆሚያው ለሌላ አይፈለግም። እስከዚያ ድረስ የምሠራባት ኮምፕረሰር፣ ማለትም ለቀለም መርጫው አየር የምታምቀው፣ 50 ሊትር የምትይዝ፣ ሞተሯ ከፓምፗ ጋር በቀጥታ የተገጠመ ጩኸታም ዕቃ ነበረች። ለጎማ መንፊያ ትበቃለች። ለቀለም ግን የአንድ በር ግማሽ ላይ ስደርስ ግፊቷ ይወርድና ቀለሙ እንደ ጉም መብነኑን ትቶ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። እስክትሞላ ቆሜ እጠብቃለሁ። በዚያ መሐል የቀባሁት ጠርዝ ይደርቃል፤ ስቀጥል መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይታያል።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ "ትልቅ ታንከር ያለው ግዛ" ይለኝ ነበር። ምክሩ ግማሽ ነው። ታንከር ትልቅ ሲሆን የምትጠብቅበትን ሰዓት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ዋናው ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይገፋል የሚለው ነው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የተዋረድኩት በማላውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር።

መርካቶ ያገኘሁት ያገለገለ የጣሊያን ዕቃ ነው። 200 ሊትር፣ 3 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በቺንጊያ የሚዞር። ፓምፑ ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ በደቂቃ 250 ሊትር፣ እስከ 8 ባር ትላለች፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ባለሱቁ ጋቢያቸውን ተከናንበው የእንጨት ሣጥን ላይ የተቀመጡ አዛውንት ናቸው። አስነሡልኝ፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ሽቅብ ወጣ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ዕቃው ጠቅ ብሎ ቆመ።

ይህን ብልሃት አውቀዋለሁ። መርፌው ሲነሣ ስድስት ላይ ነበር። ታንከሩ ጧት ተሞልቶ የቆየ ከሆነ አሮጌ ፓምፕም ቢሆን የቀረችውን ይጨርሳታል።

"ጋሼ፣ ይተንፍስና ከዜሮ ይነሣልኝ" አልኩ።

ምንም አላሉም። ጎንበስ ብለው ከሆዱ ሥር ያለችውን መክፈቻ ራሳቸው ፈቱ። ዝገት የቀላቀለ ውኃ ትንሽ ፈሰሰ፣ ከዚያ አየሩ እየጮኸ ወጣ፣ መርፌው ዜሮ ላይ ተኛ። ስልኬን አወጣሁና ሰዓት ያዝኩ። ቆመን ጠበቅን። ሻይ የምታዞር ልጅ አለፈች፤ ለእኔም ለእሳቸውም አዘዙ። ዕቃው ስምንት ባር ደርሶ ጠቅ ሲል፣ ከዚያም ጢስስ ብሎ ሲተነፍስ ሻዩ አልቋል።

"8 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ" አልኩ፣ ስልኬን ወደ ፊታቸው ዘርግቼ።

"እሺ።"

"ስድስት ተኩል እንኳን መድረስ አልነበረበትም። 200 በ8 ሲባዛ 1,600 ሊትር፤ ለ250 ሲካፈል 6.4 ደቂቃ። ፋሻው አልቋል ማለት ነው።" ፋሻ ፒስተኑን ከቦ አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ቀለበት ነው።

ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ። "ምን ትሠራለህ ልጄ?"

"መምህር ነኝ።"

"የምን?"

"የፊዚክስ።"

"እህ" አሉ። ይህቺን "እህ" ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ሌሊት ጭምር። ያኔ ግን አክብሮት መስላኝ ነበር።

"ከ83 በፊት አሰብ ወደብ ላይ ሠርቻለሁ" አሉ ቀጥለው። "እንዲህ ያለው ዕቃ እዚያ በስድስት ደቂቃ ይሞላል። እዚህ አይሞላም። እዚህ አየሩ ስስ ነው።"

ሳቅኩ። መርካቶ ውስጥ "የኤምባሲ ዕቃ ነው" ተብያለሁ፤ "ባለቤቱ ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ ነው" ተብያለሁ፤ "አየሩ ስስ ነው" ግን አዲስ ነበር። እንዲህም አልኩ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "ጋሼ፣ አየር ለሁሉም እኩል ነው።"

ሽማግሌው አልተከራከሩኝም። ከደረሰኝ ጥራዛቸው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ቀደዱና በጎማው ጫፍ ፊት ያዙት፤ አየሩን ለቀቁት፤ ወረቀቱ እየተርገበገበ ቆየ። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙረው ሰጡኝ። አንዲት የዘይት ነጥብ የለበትም። ፋሻ ያለቀበት ኮምፕረሰር ዘይት ይተፋል፤ ቀለም ቀቢ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዘይት የነካው ቀለም የዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ያወጣልና። ወረቀቱን አየሁ፣ አጠፍኩ፣ ኪሴ ከተትኩ፤ ክርክሬን ግን አልተውኩም። 8 ደቂቃ ከ40 ደጋግሜ አልኩ።

በመጨረሻ ሁለት ሺህ ብር ቀነሱልኝ። ሲቀንሱም እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ ቅናሽ ከፈለግህ ቅናሽ በል። ኮምፕረሰሬን ግን አትስደብ።"

ሰኞ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ታሪኩን በሻይ ሰዓት አወራሁት። በተለይ ስስ አየር የምትለዋ ላይ ሁሉም ሳቁ። አብሮን የሳቀው ደግሞ የጂኦግራፊ መምህሩ ነበር፤ ይህ ትንሽ ያጽናናኛል።

የተከላውን ነገር ባሳጥረው ይሻላል። የማቆሚያው ሶኬት ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ የመጣ ነበር። ሞተር ሲነሣ ከወትሮው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ ቀጭኑ ሽቦ ያንን አያደርስም፤ ሞተሩ እዚያው ቆሞ ያጉረመርማል፤ ብሬከሩ ይወድቃል። ከዋናው ሳጥን 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በቀጥታ ሳብኩ፤ ተፈታ። እግሮቹን ሲሚንቶው ላይ በቡሎን ላስራቸው ብዬ ነበር፤ ተውኩት፤ ንዝረቱ መውጫ ሲያጣ የእግሩን ብየዳ ይሰነጥቀዋል። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ከሥር አነጠፍኩ። አየር የሚነፋው መዘውር ለራሱ የሚተነፍስበት እንዲያገኝ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅኩት። አከራዬ ከላይ በረንዳ ላይ ብቅ ብለው "ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትክብኝ እንዴ?" አሉ፤ በጧት እንዳላስነሣው ተስማማን።

ያቺ 8 ደቂቃ ከ40 ግን አላስተኛችኝም። ሥራው ያማረ ነው፤ በሩን ከላይ እስከ ታች ሳላቋርጥ እቀባለሁ፤ ቀለሙ እንደ መስታወት ይተኛል፤ የዓሣ ዓይን የሚባል የለም። እኔ ግን ፋሻው አልቋል ብያለሁ፣ ማለቅ አለበት። በሠፈሩ "አላውቅም" ብሎ የማያውቅ አንድ መካኒክ አለ። እሱን ጠራሁት። የካቻቢቴውን ጫፍ ቴስታው፣ የፓምፑ ክዳን፣ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጠፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ለእኔ አቀበለኝና "ይሰማሃል?" አለኝ።

ምንም አልተሰማኝም። "ይሰማኛል" አልኩ።

ቴስታው ተፈታ፤ አዲስ ፋሻ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። ከእጅ ዋጋው ጋር 3,400 ብር። ሰዓት ያዝን፤ 8 ደቂቃ ከ30። "አየህ!" አለኝ፤ አሥሯን ሰከንድ በጣቱ እያሳየኝ። እኔም አየሁ። አሮጌዎቹን ፋሻዎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟቸው ሄደ። ያለቀ ፋሻ ለምን እንደሚፈልግ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

በ2013 ባለቤቴ ወደ አዳማ ተዛወረች፤ ተከትያት ሄድኩ። ዕቃው በአይሱዙ ሊጫን አራት ጫኞች መጡ። ከአራቱ ትልቁ ታንከሩን በጉልበቱ ገፋ አደረገና ጆሮውን ጣል አድርጎ "ኢንጂነር፣ ይህ ዕቃ ውኃ ጠጥቷል" አለኝ። የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ታንከሩ ውስጥ ይቀራል፤ በየቀኑ ሊፈስ ይገባዋል፤ አለዚያ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ የተበላ ታንከር ደግሞ አንድ ቀን እንደ ቦምብ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያለሁ። መክፈቻውን ስፈታው ሻይ የመሰለ ውኃ አምስት ሊትር የምትይዝ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ጫኙ ጀሪካኗን አይቶ ወደ ጓደኞቹ ዞረ፤ የተናገረውን አልሰማሁም፤ ሦስቱም ግን ሳቁ። ሾፌሩ "አስተኝተን እንጫነው" ሲል ያጣሁትን ክብር የማስመልስበት ዕድል አገኘሁ፤ የሚተኛ ከሆነ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል ብዬ ጮህኩ። ቆሞ፣ በገመድ ከአራት በኩል ታስሮ ሄደ።

አዳማ የግቢው መኪና ማቆሚያ ሰፊ ነው። ከጉዞ የመጣ ኮምፕረሰር ቧንቧው ይላላል፤ ስለዚህ በኪያቤ ሁሉንም አጠበቅኩና የሚያፈስ እንዳለ ለማየት ከዜሮ አስነሣሁት፤ በልማድ ሰዓት ያዝኩ። 7 ደቂቃ ከ50።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። መንገዱ ጠቅሞታል አልኩ፤ እንዲህ ነው ያልኩት። አየሩን አወጣሁና እንደገና ያዝኩ። 7 ደቂቃ ከ50። የነካሁት ነገር የለም። ዘይቱ ያው፣ ቺንጊያው ያው፣ ሞተሩ ያው። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ አዳማ ነዋ፣ ሞቃት ነው፣ ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ያለ። ኪያቤውን እንደያዝኩ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ።

በየዓመቱ የማወጣት ጥያቄ አለችኝ፤ በባሕር ጠለል 76 ሴንቲ ሜትር የሚቆመው የባሮሜትር ሜርኩሪ አዲስ አበባ ላይ ወደ 57 ገደማ የሚወርደው ለምንድን ነው? ሁለት ነጥብ። ያልመለሰ ተማሪ እቆጣለሁ። በግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። በባሕር ጠለል አየሩ የሚጫነው አንድ ባር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 0.76 ባር ያህል ነው። ፓምፑ የትም ቢሆን በደቂቃ 250 ሊትር ይስባል፤ ግን አዲስ አበባ ላይ የሚስበው ሊትር ሩቡ ባዶ ነው። 1,600 ለ0.76፣ ወደ 2,100 ሊትር፤ ለ250 ሲካፈል 8 ደቂቃ ከ25። ሽማግሌው የሸጡልኝ ያገለገለ ዕቃ በወረቀት ላይ ካለው አዲስ ዕቃ የዘገየው 15 ሰከንድ ብቻ ነበር። አዳማን በ0.83 አስልቼ 7 ደቂቃ ከ43 አገኘሁ። አሰብን አላሰላሁም። አሰብን በስድስት ነጥብ አራት ያሰላሁት ያኔ እሳቸው ፊት ነው፤ ራሴ ሳላውቀው።

አየር ለሁሉም እኩል ነው። ፊዚክስ አስተማሪ።

ባለቤቴ ብቅ ብላ ጠመኔውን አየችና "ምን ሆነሃል?" አለች። "ሒሳብ ነው" አልኳት።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ መርካቶ ገባሁ። ለውኃ ማፍሰሻው አዲስ መክፈቻ ያስፈልገኝ ነበር፤ አዳማም ይገኛል፤ ሆኖም እሳቸው ሱቅ ሄድኩ። እዚያው ሣጥን ላይ ናቸው፣ ትንሽ አነስ ብለው። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር የመጣሁት። መክፈቻዋን አነሣሁ። ዋጋዋን ጠሩ። አልተከራከርኩም፤ ከፈልኩ።

ብሩን ይዘው ቀና ብለው አዩኝ። "መምህር አይደለህ?"

"ነኝ።"

"ዛሬ ምነው? አመመህ እንዴ?"

"አይ፣ ደህና ነኝ ጋሼ።"

"ያ ኮምፕረሰር እንዴት ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ሁለት ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ፤ አንዱ ወጣት ነው፣ ተማሪዬ የነበረ መሰለኝ።

"ደህና ነው" አልኩ። "ትንሽ ይዘገያል እንጂ።"

"እህ" አሉ።