ኤስ ኪንግ ይዤ ለውዜን የጨረስኩበት እሁድ

እሁድ ከሰዓት፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ግቢ ውስጥ ዛፉ ስር ፖከር ይዘናል። በብር አንጫወትም፤ በባቢሌ ለውዝ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 200 ፍሬ ይቆጠርለታል። ያለቀበት ለስላሳ ይጋብዛል። (አንዱ ችግር፣ ሰው የሚወራረድበትን ይበላል። አንዱ ጓደኛችን ሳይሸነፍ 30 ፍሬ ጎድሎበታል።)

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይደርሰዋል፤ ሌላ አምስት ደግሞ ለሁላችንም መሃል ላይ ይገለጣል። ለኔ ኤስ ኪንግ (አንድ ኤስና አንድ ኪንግ) ደረሰኝ፤ ዓይነታቸው የተለያየ። 6 ለውዝ ገፋሁ። ሁሉም ፎልድ አሉ፣ ካርታቸውን ጣሉ። ጋሼ ብቻ ቀረ፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው ነው። ከተቀመጥን ጀምሮ ካርታ ሲጥል ነው የዋለው። ሽርጡን ጠበቅ አደረገና መልሶ 20 አደረሰው። እኔም ደሜ ፈላ። "ኦል ኢን!" ብዬ ያለኝን ለውዝ ሁሉ ገፋሁ።

"እሺ" አለ፤ አላሰበም እንኳ። ሁለት ኪንግ ዘረጋ። ኤስ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ለውዜን በእፍኙ እየዛቀ አንዷን ቀመሳትና "ጨው አንሷታል" አለኝ።

ማታ ፋኑን ከፍቼ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ኤስ ኪንግ ሲያዩት ያምራል እንጂ ገና ጥንድ እንኳ አይደለም። ፍሎፑ ላይ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች መሃል ሲገለጡ) ጥንድ የሚሆነው ከሦስት አንዴ ገደማ ነው። እስከ መጨረሻው ካርድ ቢኬድ፣ ሁለት ኩዊን ካለው ሰው ጋር ከ100 ወደ 43 ጊዜ ያሸንፋል። ሁለት ኪንግ ከሆነ 30፣ ሁለት ኤስ ከሆነ ደግሞ 7 አካባቢ።

ትንሽ የሚያጽናና ነገር አለ። አንድ ኤስና አንድ ኪንግ እኔ ጋ ስላሉ፣ ጋሼ ሁለት ኤስ የሚይዝበት መንገድ ከ6 ወደ 3 ይወርዳል። ሁለት ኪንግም እንደዚያው። የኩዊኑ ግን 6 እንዳለ ነው። ጋሼ በነዚህ ሦስት ጥንዶች ብቻ ከፍ የሚያደርግ ሰው ከሆነ፣ አማካዩን ሳወጣው 31 መጣ። 31 ይዤ ነው እንግዲህ ግማሽ በግማሽ የተወራረድኩት! በዚያ ላይ ጋሼ አንዴ ከፍ ካደረገ ፎልድ አይልም፤ በማስፈራራት የማገኘው ነገር አልነበረም።

የጎረቤታችን ልጅ ቢሆን ሌላ ነበር። እሱ ሲመረቅን ኤስ ኩዊንም ይዞ፣ ኪንግ ጃክም ይዞ ይገፋል። እሱ ላይ ኦል ኢን ብል ብዙውን ጊዜ ይጥላል። በኤስ ኩዊን ቢከተለኝም ከአራት ሦስቱን ያህል የኔ ነው።

ለጋሼ ግን መከተል ይበቃ ነበር። የኔ 6፣ የሱ 20፣ ካርታ ሳይታደል በግዴታ ከተቀመጠችው 1 ጋር መሃል ላይ 27 ለውዝ አለ፤ 14 ጨምሬ ፍሎፑን አያለሁ። ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው፤ ካልመጣልኝ እጥላለሁ። ኤስ ኩዊን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያኔውኑ መጣል ነበር። ይሄን ሁሉ የማውቀው ማታ ነው፣ ቀን ላይ የት እንደሚሄድ እንጃ።

ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ አገኘሁት። ኪሱ ገብቶ አንድ እፍኝ ለውዝ ሰጠኝ። የራሴው ነው።